ጉሮሮዬ ሲዘጋ የተማርሁት
የአንባቢያን ጥያቄና የመምህሩ መልስ

ጥያቄ፦ ውድ መምህር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ መዝጋቢዎች ክፍል ኃላፊ ነኝ። በሥሬ አሥራ ሁለት ሠራተኞች አሉ። እያንዳንዳቸው ከመዘገቧቸው ቅጾች ስንቱ ላይ ስህተት እንደ ተገኘ በየወሩ ይቆጠራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስታዘብ ቆይቻለሁ። ብዙ ስህተት የሠራውን ጠርቼ ስቆጣው በሚቀጥለው ወር ይሻሻላል። ጥቂት ስህተት የሠራችውን በሰው ፊት ሳመሰግናት በሚቀጥለው ወር ትዘናጋለች። አንድ ሁለት ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማመስገን ልተው ወስኛለሁ። ምክትሌ «ተሳስተሻል» ይለኛል፤ የተሳሳትሁት የቱ ላይ እንደ ሆነ ግን ሊያስረዳኝ አልቻለም። እርስዎ ምን ይላሉ? — ከቁጥር የማልጣላ ኃላፊ

መልስ፦ ምክትልዎ ትክክል ናቸው። ማስረዳት ስላቃታቸው አይፍረዱባቸው፤ እኔ ራሴ ነገሩ የገባኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ካስተማርሁ በኋላ ነው፣ ያውም ታምሜ።

ያዩት ነገር ግን እውነት ነው። ይህን የማስቀድመው፣ ሰው «ተሳስተሃል» ሲባል ዐይኑን የተጠራጠሩበት ስለሚመስለው ነው። የተቆጧቸው ተሻሽለዋል፣ ያመሰገኗቸው ወርደዋል። ይህን አልክድም። የምጠይቀው ቁጣዎና ምስጋናዎ በነገሩ ውስጥ እጃቸው አለበት ወይ ብዬ ነው።

እኔም እንደ እርስዎ ነበርሁ። ፈተና አርሜ በመለስሁ ቁጥር ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን አምስት ተማሪዎች በመምህራን ክፍል በር ላይ አሰልፌ የአንገቴ ሥር እስኪገታተር እቆጣቸው ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ከአምስቱ ሦስቱ ወይም አራቱ ከፍ ይላሉ። አንደኛ የወጣውን ደግሞ ክፍሉ ሁሉ እንዲያጨበጭብለት አደርጋለሁ፤ በሚቀጥለው ፈተና ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ሆኖ ይመጣል። «ሙገሳ ልጅ ያሳብጣል» እያልሁ ወጣት መምህራንን እመክር ነበር። ምላሴ ላይ መድኃኒት ያለ ይመስለኝ ነበር ብል አላጋነንሁም።

አንድ ዓመት ጉሮሮዬን አመመኝና ድምፄ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ትንፍሽ እንዳልል ከለከለኝ። ይህ የሆነው ልክ የመጀመሪያውን ፈተና አርሜ በጨረስሁበት ሳምንት ነበር። ትምህርቱን በጠመኔ ብቻ እየጻፍሁ ቀጠልሁ፤ ቁጣ ግን በጠመኔ አይሆንም። (ሞክሬዋለሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ።) ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ከግርጌ የነበሩት አምስቱ ምን የሆኑ ይመስልዎታል? አራቱ ከፍ አሉ። አንደኛዋ ልጅም ማንም ሳያጨበጭብላት ወደ አራተኛ ወረደች።

የዚያን ዕለት ማታ ተናድጄ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስተማርሁባቸውን ዓመታት የውጤት መዝገቦች ከሣጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍሁ፤ ቁጣዬ የሠራባቸውን ዓመታት ቆጥሬ ራሴን ላጽናና ነበር ሐሳቤ። እኩለ ሌሊት ላይ፣ ምን እንደ መከረኝ አላውቅም፣ መዝገቡን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ጀመርሁ። በሁለተኛው ፈተና ዝቅተኛ የነበሩትን አምስት ልጆች መርጬ በመጀመሪያው ፈተና ምን እንዳመጡ አየሁ። በመጀመሪያው አብዛኞቹ የተሻሉ ነበሩ። ሌላ ዓመት ገለጥሁ፤ ያው። ሌላም ጨመርሁ፤ ያው። ቁጣዬ ኃይለኛ ነበር፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመቆጣቴ በፊት የተጻፈ ውጤት እስከ ማሻሻል ግን አይደርስም።

እርስዎም ዛሬውኑ ይህን ያድርጉት። የአንዱን ወር የስህተት ቆጠራ ያውጡና መጨረሻ የሆኑትን ሦስት ሠራተኞች ይያዙ። ከዚያ ቀጣዩን ወር ሳይሆን የቀደመውን ወር ይዩ። ከአንድ ወር በላይ አድርገው ሲሞክሩት ብዙዎቹ በቀደመውም ወር የተሻሉ ሆነው ያገኟቸዋል። ያን ጊዜ ገና አልተቆጡም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ግን ልብ ውስጥ ለመግባት ያስቸግራል። የአንድ ወር ውጤት ከሁለት ነገር ይሠራል፦ አንዱ የሰውየው ችሎታና ትጋት ነው፣ ሌላው የዚያ ወር ዕድል ነው። ዕድል ስል ምትሐት አይደለም፤ የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ ቅጽ ለማን ደረሰ፣ ማን ጉንፋን ይዞት ነበር፣ የማን ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ነው። የወሩ መጨረሻ የሆነው ሰው በችሎታው ትንሽ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዕድሉም የጠመመበት መሆኑ አይቀርም፤ አለዚያ መጨረሻ ባልሆነ። በሚቀጥለው ወር ችሎታው አብሮት ይመጣል፣ የዕድል ጥመቱ ግን የመምጣት ግዴታ የለበትም። አንደኛ የወጣችውም እንዲሁ፤ የቀናው ወር ሁለተኛ ጊዜ አይታዘዝላትም።

ካላመኑኝ ሁለት ዳይስ ገዝተው ቢሮ ይውሰዱ። አሥራ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ይጣሉና ድምሩን ይመዝግቡ። አንዱ ሁለት አመጣ እንበል፤ አፍጥጠው ይቆጡት። እንደ ገና ሲጥል ከሁለት በላይ የማምጣት ዕድሉ ከ36 ውስጥ 35 ነው። ሦስት ያመጣውን ቢቆጡት ከ36 ውስጥ በ33ቱ ይሻሻልልዎታል። አሥራ አንድ ያመጣችውን አመስግነው እጇን ይጨብጡ፤ ከ36 ውስጥ በ33ቱ ታሳፍርዎታለች። ዳይሱ ሰምቶዎት ነው?

ይህን ነገር መጀመሪያ በቁጥር ያሳየው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ባወጣው ጥናት የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ጎልማሳ ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። በጣም ረጃጅም ወላጆች የወለዷቸው ልጆች ረጃጅም ናቸው፣ ነገር ግን ከአማካዩ ያላቸው ርቀት ከወላጆቻቸው ርቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የአጫጭሮቹም ልጆች ወደ መካከል ይጠጋሉ። ጋልተን ያየውና ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦም የሚሠራ መሆኑን ነው፦ በጣም ረጃጅም ልጆችን መርጠው ወደ ወላጆቻቸው ቢሄዱ ወላጆቹን ከልጆቹ ይልቅ ለአማካዩ የቀረቡ ሆነው ያገኟቸዋል። ልጅ ወላጁን አያሳጥርም። የእኔም መዝገብ የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ ጋልተንን ያወቅሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ «ወደ አማካይ መመለስ» ይባላል።

በእርስዎ ጥያቄ ላይ ቃል በቃል የደረሰ ሰውም አለ። ዳንኤል ካህነማን፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ሊቅ፣ በ1960ዎቹ ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች «ከቅጣት ይልቅ ምስጋና ያስተምራል» እያለ ሲናገር አንድ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ተነሥቶ ተቃወመው። ጥሩ የበረረውን ሳመሰግን ቀጥሎ ይባስበታል፣ የተበላሸበትን ስጮህበት ቀጥሎ ይሻለዋል፤ ስለዚህ አትሸንግለን ነው ነገሩ። ካህነማን አልተከራከረም። ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ሣለና መኮንኖቹን ጀርባቸውን አዙረው፣ ሳያዩ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲም እንዲወረውሩ አደረገ። በመጀመሪያው ውርወራ የቀረቡት በሁለተኛው አብዛኞቹ ራቁ፤ የራቁት ቀረቡ። የጮኸም ያመሰገነም አልነበረም። ከዚህ ካህነማን ያወጣው ነገር ያሳዝነኛል፦ ሰው ሲያጠፋ ስለምንቆጣና ሲያለማ ስለምናመሰግን፣ አጋጣሚው ራሱ የቆጣነውን ያህል ይሸልመናል፣ ያመሰገንነውን ያህል ይቀጣናል። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ያለ አንዳች ጥቅም አለቀሰ! ከእኔ በር ላይ ብቻ በየዓመቱ አሥራ አምስት ያህል።

እርስዎ የወደቁበት ስህተት የድሮ ስም አለው፤ «ከእሱ በኋላ መጣ፣ ስለዚህ ከእሱ የተነሣ ነው» ይባላል። የአመክንዮ መጻሕፍት ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ የሚለውን ምሳሌ ይሰጣሉ። ያ ምሳሌ ምንም አይረባም፤ ማን ይታለልበታል? የሚያታልለው እኛ ራሳችን እርምጃ የወሰድንበትና እርምጃውን የወሰድነው ነገሩ ጫፍ በነካ ቀን የሆነበት ነው። ከጫፍ ወዴት ይኬዳል?

አሁን ምን ያድርጉ? በአንድ ወር ቁጥር ማንንም አይጥሩ፤ የስድስት ወሩን ደምረው ይዩ፣ ዕድሉ በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋል። ስድስቱንም ወር መጨረሻ የሆነ ሰው ካለ እሱ ዕድል አይደለም፤ ቁጭ ብለው ምን እንደ ቸገረው ይጠይቁት። ቁጣ ይሠራል አይሠራም የሚለውን እውነት ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ በየወሩ ከመጨረሻዎቹ አራት ሁለቱን በዕጣ መርጠው ብቻ ያነጋግሩ፣ ሁለቱን ይተዉ። ከዓመት በኋላ የተነገራቸውንና የተተዉትን ያነጻጽሩ። አሥራ ሁለት ሰው ጥቂት ስለሆነ ውጤቱ ቶሎ አይጠራም፤ ይታገሡት። ምስጋናውን ግን እስከዚያ አያቋርጡ። ምስጋና ጎጂ መሆኑን የሚያሳይ ምንም ነገር በእጅዎ የለም፤ ሰው ላይ የሚፈርድ ደግሞ ማስረጃውን አስቀድሞ ያቀርባል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለፈው ስለ መንስኤና ውጤት የጻፉትን አንብቤ ከልቤ አልተቀበልሁትም። ለስድስት ዓመት ጉልበቴን ያመኝ ነበር። አንድ ወዳጄ የመዳብ አምባር ሰጠኝ። ያን ሰሞን ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ስለ ነበር ምን ቸገረኝ ብዬ አጠለቅሁት፤ አራት ቀን ሳይሞላ ተሻለኝ። ይህን በራሴ ጉልበት ያየሁትን ነገር ማን ይክደኛል? — ጡረተኛ

መልስ፦ ጉልበትዎን ማን ይክዳል፤ እንኳን ተሻለዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ አምባሩ ከመጣ በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት ጉልበትዎ ብሶበት ብሶበት መልሶ ያልተሻለው ስንት ጊዜ ነው? ሕመምዎ እንደ ብዙ የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል። አምባሩን ያጠለቁት ደግሞ ደረጃ መውጣት ባቃተዎት ሰሞን ነው፤ በደኅናው ቀንማ ማን አምባር ያስባል? መድኃኒት የምንፈልገው በከፋ ቀን ስለሆነ፣ በከፋ ቀን ያገኘነው ሁሉ መድኃኒት ይመስላል።

ይህ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ደስ ባለኝ። ሐኪሞች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የበሽተኛ ደም ሲያፈስሱ ኖረዋል፤ ሰነፎች ወይም ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ትኩሳት ጫፍ ሲደርስ ደም ያፈስሳሉ፣ ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ በራሳቸው ይድናሉ፣ ሐኪሙም በገዛ ዐይኑ አየ። የሞተውን ደግሞ በሽታው ገደለው ይሉታል። ጆርጅ ዋሽንግተን በታኅሣሥ ወር 1799 እ.ኤ.አ. ጉሮሮውን ታምሞ ሲተኛ የመጀመሪያውን ደም እንዲያፈስሱለት ያዘዘው እሱ ራሱ ነበር፤ ሐኪሞቹ ገና አልደረሱም። በዚያው ቀን አራት ጊዜ ደም ፈሰሰለት፣ በዚያው ሌሊት ሞተ። ደሙ ገደለው ካልሁ የእርስዎን ስህተት እኔ እደግመዋለሁ፤ ከደሙ በኋላ ሞተ ነው ማለት የምችለው። ከስህተት የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው።

ያን ሌላ ነገር ፒየር ሉዊ የሚባል የፓሪስ ሐኪም አደረገው፤ ቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው ሥራው የሳንባ ምች የያዛቸውን 77 በሽተኞች በሁለት ከፈላቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ደም ከፈሰሰላቸው 41 ሰዎች 18ቱ ሞቱ። ዘግይቶ ከፈሰሰላቸው 36ቱ 9 ሞቱ። ይህ ብቻውን ነገሩን ይዘጋዋል አልልም፤ ሁሉም ደም የፈሰሰላቸው ናቸው፣ በሁለቱ ወገን ያሉትም ሰዎች ዕድሜና ጥንካሬ አንድ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን «ቶሎ ደም ማፍሰስ ሕይወት ያድናል» የሚለው እምነት ቁጥር ፊት ሲቆም ምን እንደ መሰለ ይመልከቱ። ስንት ትውልድ «በዐይኔ አይቻለሁ» ሲል የኖረበት ነገር ነው።

አምባሩን ከወደዱት አያውልቁ፤ ቆንጆ ነው ይባላል። ሐኪም ዘንድ መሄድዎን ግን በአምባሩ ምክንያት እንዳይተዉ። እኔ አምባሩ አይሠራም አላልሁም፤ አራቱ ቀናት ስለ መሥራቱ አይመሰክሩም ነው ያልሁት። ይህ ልዩነት የፀጉር ስንጠቃ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይመስለኛል። የተበላሸ ማስረጃ የቀረበለት ነገር ሁሉ ሐሰት አይደለም። «ምክንያትህ ልክ አይደለም» ብሎ ማሸነፍና «ስለዚህ የተናገርኸው ውሸት ነው» ብሎ መደምደም አንድ አይደሉም፤ አመክንዮ አዲስ የተማሩ ወጣቶች በዚህኛው ጉድጓድ ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እርስዎን ስናነብ ሁሉም ነገር አጋጣሚ ሆነብን። ታዲያ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የአንድን ነገር መንስኤ ማወቅ የቻለው? — የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጠይቀሻል። «ይህን ባላደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በመገመት ሳይሆን ጎን ለጎን በማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ ሳልስበሪ በምትባል የጦር መርከብ ላይ ሐኪም ነበር። በረጅም ጉዞ ላይ መርከበኞች ድዳቸው እየበሰበሰ፣ ጉልበታቸው እየከዳ በሚሞቱበት በስከርቪ የተያዙ አሥራ ሁለት ሰዎች መረጠ፤ በተቻለው መጠን ሕመማቸው ተመሳሳይ የሆነውን። በአንድ ስፍራ አስተኛቸው፣ ምግባቸውን አንድ አደረገ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ ለስድስት ከፈላቸው። ለአንዱ ጥንድ ሆምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውሃ፣ ለአንዱ የፖም ጠጅ፣ እንዲህ እያለ በጊዜው መድኃኒት የተባለውን ሁሉ አደለ። ለአንዱ ጥንድ ብርቱካንና ሎሚ ሰጠ። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ በዚያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ወደ ሥራው መመለስ ችሎ ነበር።

ዋናው ነገር ሎሚው እንዳይመስልሽ። ሎሚ ለስከርቪ ይጠቅማል ያሉ ከሊንድ በፊትም ነበሩ። ዋናው ነገር አሥሩ ሎሚ ያላገኙት ሰዎች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የሊንድ ብርቱካን እንደ ጡረተኛው አምባር ነበር። ሆምጣጤ የጠጡት ሁለቱ አብረው ቢድኑ ኖሮም ብርቱካኑ ምንም አይመሰክርም ነበር። የሚያሳዝነው፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ በመደበኛነት ማደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው፤ አርባ ስምንት ዓመት ቆይቶ። ማስረጃ ማግኘትና ሰሚ ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ስለ ሁለተኛው እኔም ብዙ አልተማርሁም።

ጥያቄ፦ በአንድ እስክሪብቶ ሦስት ፈተና ጽፌ ሦስቱንም አለፍሁ። በሌላ የጻፍሁትን ወደቅሁ። አሁን ያለ እሱ ፈተና ክፍል መግባት እፈራለሁ። ልጣለው? — የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ብቻህን አይደለህም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጽሑፍ፣ የተራቡ ርግቦችን በሣጥን ውስጥ አድርጎ ምንም ቢያደርጉ ምንም ባያደርጉ በየተወሰነ ሰኮንድ እህል እንዲወርድላቸው አደረገ። ከስምንቱ ስድስቱ የየራሳቸውን ሥርዓት ፈጠሩ። አንዷ በግራ በኩል ትሽከረከር ነበር፤ እህሉ ሲወርድ እየዞረች ሳለች ስለ ደረሰባት ይሆናል። እህሉ ያለ ዙረቷም ይወርድ እንደ ነበር እንዳታውቅ ያደረጋት ቆማ ለማየት አለመድፈሯ ነው።

አትጣለው። አንድ የመለማመጃ ፈተና ግን ሆን ብለህ በሌላ እስክሪብቶ ጻፍ፣ ምን እንደሚሆን እይ። የዋናው ፈተና ቀን ደግሞ ሁለት ይዘህ ግባ፤ ሦስት ፈተና የጻፈ እስክሪብቶ ቀለሙ ሊያልቅ ተቃርቧል።